ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልግዛ ወይስ ሥራ ልክፈት? ከሜሪላንድ ለመጣ ጥያቄ የሕግ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። አሁን የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ሜሪላንድ በነርስነት እሠራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለዓመታት ያጠራቀምኩት 60 ሺህ ዶላር አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ከከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ 500 ካሬ ቦታ አግኝቶ 200 ሺህ ብር ቀብድ ከፍሏል። ‹ቀሪውን ቶሎ ላኪና በስሜ ላድርገው፤ ቤት ሠርተን እናከራየዋለን፤ በተረፈው ወፍጮ ቤት እንከፍታለን› ይለኛል። ወንድሜን አምነዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ፈርተዋል። ቤቱ ይሻላል ወይስ ሥራው? በማን ስም ይሁን? ሙሉ ውክልናስ ልስጠው?»

ምላሽ፦ ከቀብዱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ ይሰጣል፣ እሱ ግን አይሰጥም። ቀሪውን ገንዘብ አይላኩ። ወንድምዎም አንድ ብር እንኳ እንዳይጨምር ዛሬውኑ ይደውሉለት። ይህን የምለው ወንድምዎን ጠርጥሬ፣ ገበሬውንም አጭበርባሪ ብዬ አይደለም። ሁለቱም ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ገበሬው እየሸጠ ያለው መሸጥ የማይችለውን ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ይህንኑ ያጸናል፦ ባለይዞታው መሬቱን ሊያከራይ፣ ሊያወርስ፣ ሕጉ ለፈቀደለት ሰው በስጦታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሊሸጠው ግን አይችልም።

ይህን በእኛ አካባቢ የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ስለሚታወቅም ነው ሽያጩ በሌላ ስም የሚጻፈው። ወረቀቱ ላይ «ብድር» ይባላል፤ ወይም «የረጅም ጊዜ ኪራይ»፣ ወይም «ስጦታ»። ሁለት ሦስት ምስክር ይፈርምበታል፤ ገዢውም ወረቀት ይዣለሁ ብሎ ይረጋጋል። ጉዱ የሚወጣው ከተማው ወደዚያ ሲሰፋ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ እየሰፋች ያለች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመጡ፣ ትናንት የገብስ ማሳ የነበረው ዛሬ መንደር ሆኗል። ቦታው ለልማት ሲፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊው ባለይዞታ ነው፤ ማለትም በመሬት ደብተሩ ላይ ስሙ ለሰፈረው ገበሬ። ገዢው ስሙ የትም የለም። ቤት ሠርቶበት ከሆነ «የጨረቃ ቤት» ተብሎ ይፈርሳል፤ ለብሎኬቱም ለቆርቆሮውም የሚጠይቀው ሰው የለውም። ከዚያም በፊት ቢሆን የገበሬው ልጆች ተነስተው ውሉ ይፍረስልን ማለት ይችላሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1808 ዓላማው ሕገ ወጥ የሆነ ውል እንዲፈርስ ከተዋዋዮቹ ሌላ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችላልና።

ስለ 200 ሺሁ ብር ደግሞ ይህን ይወቁ። ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ ይመልስ ይላል፤ ሰዉም ይህን አንቀጽ በቃሉ ያውቀዋል። ይህ የሚሠራው ግን ለሚጸና ውል ነው። ስለዚህ ወንድምዎ እጥፍ እያለ ገበሬውን ወደ ክርክር እንዳይገፋው። የሚጠይቀው የከፈለውን ብቻ ይሁን። በሽማግሌ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ገበሬው ገንዘቡን ለልጁ ሰርግ ወይም ለበሬ መግዣ አውሎት ከሆነም በጊዜ ከፋፍሎ እንዲመልስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይፈራረሙ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ቤት ወይስ ሥራ ብለው ጠይቀዋል። በጥብቅና ሥራዬ ከውጭ ገንዘብ የላኩ ሰዎችን ጉዳይ ብዙ አይቻለሁ፤ ቤት ከገዙትም ሥራ ከከፈቱትም የተሳካላቸው አሉ፣ ከሁለቱም የከሰሩ አሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ቤት ወይም ሥራ መሆኑ አይደለም። ባለቤትነቱም፣ ገንዘብ ማዘዙም፣ ሂሳብ መያዙም በአንድ በሚወደድ ሰው እጅ ሲጠቃለል ነው ነገሩ የሚበላሸው። ያ ሰው ሌባ መሆን የለበትም። እናት ታማ ሆስፒታል ስትገባ ከኪራዩ ገንዘብ ይወሰዳል፤ የተወሰደው አይመዘገብም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «የት ገባ?» ሲባል ማንም መልስ የለውም፤ እህትና ወንድም ለፋሲካ እንኳ መደዋወል ያቆማሉ። እኔ የምመክርዎ ወንድምዎን እንዲጠራጠሩ አይደለም። የእርስዎ የሆነው በግልጽ የእርስዎ፣ የእሱ የሆነው በግልጽ የእሱ እንዲሆን ነው።

በማን ስም ለሚለው፦ በራስዎ ስም። የአሜሪካ ዜጋ መሆንዎ አይከለክልዎትም። የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ላላቸው ኢትዮጵያዊ ትውልዶች ካርድ ይሰጣል፤ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ይሆናል፣ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊታይ ይችላል። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ነው የማይችለው። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ ካርዱን ሳያወጡ ስለ ቤት ዋጋ እንኳ መነጋገር አይጀምሩ።

ለምን በወንድምዎ ስም አይሁን? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የባለቤትነት ማስረጃው በስሙ የወጣለት ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ገንዘቡ ከሜሪላንድ መጣ ብሎ ይህን ግምት ማፍረስ ረጅምና አድካሚ ክርክር ነው። ቤቱ ሲገዛ ወንድምዎ ባለትዳር ከሆነ፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታልና ሚስቱ ግማሹን ብትጠይቅ ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ቤቱን ያሳግደዋል። አያድርገውና ቢሞት ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው፤ እርስዎ የአባታቸው እህት ነዎት እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደሉም። እነዚህን ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሳያቸው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ብዙውን ጊዜ ያቺ ሚስትም እነዚያም ልጆች ምንም ክፉ ነገር አለማድረጋቸው ነው። የያዙት ሕጋዊ ወረቀት ነው።

ስለ ውክልናው ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከውጭ ሆኖ ንብረት የሚይዝ ሰው መዳኑም መጥፋቱም ያለው እዚህ ወረቀት ላይ ነው። «ሙሉ ውክልና» ሲባል ሰው ሁሉን ነገር የሰጠ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ይለያል። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ቁጥር 2204 ንብረት መጠበቅን፣ ከሦስት ዓመት ለማያልፍ ጊዜ ማከራየትን፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ መሰብሰብንና ዕዳ መክፈልን የመሳሰሉትን ይዘረዝራል። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ ክስ ውስጥ ገብቶ መታረቅ በቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። ችግሩ፣ ብዙ ቦታ ተዘጋጅቶ የሚሰጠው የውክልና ጽሑፍ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደረድራል፦ «...እንዲገዛ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ከባንክ እንዲበደር፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ገንዘብ ወጪ እንዲያደርግ...»። ሰው ይህን ሳያነብ ይፈርማል። እያንዳንዷ ቃል ግን የተለየች ሥልጣን ናት። ስለዚህ ጽሑፉን ፊትዎ ያስቀምጡና ቃል በቃል ይሰርዙ። ቤቱን ለመግዛት ለወንድምዎ የሚያስፈልጉት «በስሜ እንዲገዛ፣ የግዢ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር፣ ካርታ እንዲረከብ፣ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ እንዲከፍል» ናቸው። ግዢው የትኛውን ቤት እንደሆነ ከታወቀ የካርታው ቁጥር ይጻፍበት። «እንዲሸጥ» እና «እንዲያስይዝ» አይኑሩ። «ሌላ ሰው እንዲወክል» የምትለዋም አትኑር፤ እሷ ከቀረች ሥልጣኑ ከማያውቁት ሰው እጅ አይገባም።

ወረቀቱ ኤምባሲ ተፈርሞ ከመጣ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ የሰነዶች ማረጋገጫ አገልግሎት ይሄዳል። ስለ ሁለት ነገር ደግሞ አብዛኛው ሰው አያስብም። አንደኛ፣ ተወካይ በእርስዎ ስም ከራሱ ጋር መዋዋል የለበትም፤ ቢያደርገው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ፤ ወንድምዎ ቤቱን ለራሱ ወይም ለባለቤቱ ቢያከራየው በዋጋው ላይ ቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። ሁለተኛ፣ ውክልና በሞት ይቀራል። እርስዎ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የወንድምዎ ሥልጣን በዚያው ያበቃል፤ ልጆችዎ ወራሽነታቸውን አስመስክረው እስኪመጡ ድረስ ቤቱ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የካርታው ቅጂና የውሉ ቅጂ ሜሪላንድ ቤትዎ ውስጥ ልጆችዎ በሚያውቁት ቦታ ይቀመጥ።

ቤት በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው እንዴት ነው? አንዱ ካርታ ያለው የተሠራ ቤት መግዛት ነው። ሌላው በሊዝ ጨረታ መወዳደር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቦታ ሊዝ 99 ዓመት ነው፣ ያሸነፈ ሰው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል። ነገር ግን ሊዝ ግንባታ የመጀመሪያና የማጠናቀቂያ ጊዜ አለው፤ ሜሪላንድ ሆነው ሲሚንቶና ብረት እየተቆጣጠሩ በተወሰነ ጊዜ መጨረስ ከባድ ነው፤ ያልጀመረ ሰው ቦታውን ሊነጠቅ ይችላል። «ጅምር ቤት አለ፣ ርካሽ ነው» የሚልዎትንም ደላላ ጠንቀቅ ይበሉ። ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታ ሲተላለፍ ሻጩ ሊያገኝ የሚችለውን ሕጉ ገድቦታል፤ ሰዎች ከዚያ በላይ ስለሚጠይቁ ልዩነቱ ከውል ውጭ በእጅ ይከፈላል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ነገ የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ለእርስዎ ሁኔታ የምመርጠው አልቆ ሰው የሚኖርበት፣ ካርታ ያለው ቤት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል። ሆኖም ከሩቅ ላለ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ወንድምዎ ካርታ ሲያሳይዎት በስልክ ፎቶ ብቻ አይደሰቱ። መጀመሪያ ስሙን ከሻጩ መታወቂያ ጋር ያስተያዩ፤ የአያት ስም ድረስ። ከዚያ የይዞታው ዓይነት ነባር ይሁን ሊዝ ይመልከቱ፤ ሊዝ ከሆነ ምን ያህል እንዳልተከፈለ ይጠይቁ፤ ቀሪው ዕዳ ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ይመጣል። የአገልግሎቱ ዓይነት «መኖሪያ» የሚል ከሆነ ፊት ለፊቱን ሱቅ አድርጎ ማከራየት ሌላ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ ተጽፈዋል፤ ወንድምዎ ካርታውን ይዞ አጥሩን በእግሩ ይዙር፣ ጎረቤቶቹንም ያናግር፤ ድንበር የገፋ አጥር ካለ ሜትር ሳያወጣ ጎረቤት ይነግረዋል። የካርታው ስፋት 250 ካሬ ሆኖ አጥሩ ውስጥ 320 ካሬ ካለ፣ የሚገዙት 250ውን ነው፤ ትርፏን ደላላው በዋጋ አስልቷት ይሆናል። በመጨረሻ ሻጩ ራሱ ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ያምጣ። የባለትዳር ቤት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፤ አረብ አገር ያለች እህታቸው ጭምር። «እሷ ግድ የላትም» የሚለው ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰ እኔ አውቃለሁ።

ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛው ይሁን። ግብር ለመቀነስ ዝቅ ያለ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ሆኗል፤ ሆኖም ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ የተጻፈው ነው። ገንዘቡም በባንክ ይምጣ፣ ለሻጩም ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ይግባ። በጥቁር ገበያ የመጣ ገንዘብ ጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ የለውም፤ በሁለቱም አገር የሚጠየቁበት ቀን ይመጣል።

አሁን ስለ ትርፉ። ለስሌት እንዲመች ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በወር 30 ሺህ ብር ይከራይ እንበል። በዓመት 360 ሺህ ነው፤ ከዋጋው 6 በመቶ። ከዚህ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ ለግለሰብ በእርከን እየጨመረ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ የሚያልፍ ወር አለ። የሮቶ ጥገና፣ የቆርቆሮ፣ የቀለም፣ የደብረ ብርሃን ብርድና እርጥበት የሚበላው ልስን አለ። ወንድምዎም በነፃ አይልፋ፤ ከኪራዩ የታወቀ ድርሻ ይከፈለው። ሁሉ ተቀንሶ እጅዎ የሚገባው 4 በመቶ ገደማ ቢሆን አይገርምም። በብር ለባንክ ቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ መሆኑን ያስታውሱ። ቤት ግን ዋጋው ራሱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሰው ቤት የሚገዛው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ ማሰብ ያለብዎ ስለ ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። 2 ሚሊዮን ብር በ57 ሲሰላ 35 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በ125 ሲሰላ 16 ሺህ ዶላር ነው። ኪራይ የሚከፈለው በብር ነው። ትርፍን በውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ የማውጣት መብት የኢንቨስትመንት አዋጁ የሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው፤ በቢጫ ካርድዎ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሲገቡ ይህን አይቁጠሩት። እንግዲህ ራስዎን የሚጠይቁት ይህ ነው፦ ይህን ብር ምን ላደርግበት ነው? እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ በየወሩ የሚልኩላቸው ገንዘብ ካለ፣ እርጅናዎን ደብረ ብርሃን ላይ ማሳለፍ ካሰቡ፣ የብር ገቢ ለብር ወጪ ይውላልና ቤቱ ትርጉም አለው። ለልጆችዎ የኮሌጅ ክፍያ ካሰቡት ግን ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ቤት አይከፍልልዎትም። ያ ገንዘብ እዚያው ይቆይ።

ስለዚህም 60 ሺሁን በሙሉ አይላኩ። ከግማሽ ብዙ የማይበልጠውን ለቤት ያድርጉ፤ የሚገኘው ቤት አነስ ቢል ይሻላል።

ስለ ተከራይ ብዙ አልልም። ደብረ ብርሃን ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የባንክና የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ይፈልጋል፤ ደመወዝተኛ ተከራይ ለሩቅ አከራይ ይስማማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳያልፍ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል፤ የሚፈጸምባቸውን ከተሞች እንዲወስኑ ለክልሎች ትቷል። ከመፈራረምዎ በፊት ከከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። አስገደደም አላስገደደም ግን በባንክ መከፈሉን ይያዙት፤ ኪራዩ በቀጥታ በስምዎ ወደተከፈተ ሂሳብ ይግባ። ወንድምዎ ለጥገና የሚያስፈልገውን ይጠይቃል፣ እርስዎ ያስተላልፋሉ፣ እሱ ደረሰኙን በስልክ ይልካል። ሰብሳቢውና ወጪ አድራጊው አንድ ሰው እንዳይሆን ይህ ብቻ ይበቃል።

ወፍጮውን በተመለከተ ከሚጠብቁት የተለየ ነገር ልመክርዎ ነው። ወፍጮ ቤቱ የእርስዎ አይሁን። የወንድምዎ ይሁን።

ወፍጮ ጥሩ ሥራ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በሚበላ አገር ደንበኛ አይጠፋም። ነገር ግን ከማለዳ እስከ ምሽት ባለቤቱ ቆሞ የሚሠራው ሥራ ነው። ባለሦስት ፌዝ መስመር ማስገባት አለ፤ ትራንስፎርመሩ ካልቻለ ሞተሩ ተገዝቶ ወራት ሊቆም ይችላልና፣ የመብራት ኃይል ምላሽ በጽሑፍ ሳይያዝ ሞተር እንዳይገዛ። መብራት ሲጠፋ እህል ያመጣች ሴት ወደ ሌላ ትሄዳለች። ድንጋዩ በጊዜው ካልተወቀረ ዱቄቱ ይሻክራል። የሚሰበሰበው ጥቃቅን የእጅ ብር ነው። ይህን ሜሪላንድ ሆኖ ማን ይቆጣጠረዋል? ወንድምዎ የሚሠራው የእህቱን ሥራ ከሆነ ሲደክመው ይቀዘቅዛል፤ የራሱ ከሆነ ግን ሌሊት ተነስቶ ይከፍተዋል።

ስለዚህ ፈቃዱም፣ ቲን ቁጥሩም፣ ዕቃውም በስሙ ይሁን፤ እርስዎ ያበድሩት። የብድር ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልተያዘ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ወለድ ከፈለጉ መጠኑ ይጻፍ፣ ከ12 በመቶ አይለፍ፤ ያለ ወለድም መስጠት ይችላሉ። የመጀመሪያው ስድስት ወር እፎይታ ይስጡት፣ ከዚያ በየወሩ የታወቀ ገንዘብ ወደ ሂሳብዎ ያስገባ። ሞተሩና ወፍጮው ለብድሩ መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ለዚህ የወጣ ነው፤ መያዣው ከተመዘገበ ሌላ አበዳሪ ቢመጣ እንኳ ቅድሚያው የእርስዎ ነው። ከፍሎ ሲጨርስ ወፍጮው የእሱ ነው፤ እርስዎም ገንዘብዎን አግኝተው ወንድምዎን ባለሥራ አድርገዋል። በእኔ እምነት ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

እንደገና አስበው የጋራ ሥራ ይሁን ካሉ ግን አንድ የመቆጣጠሪያ ዘዴ ልንገርዎ። ወፍጮ የሚበላው መብራት ከሚፈጨው እህል ጋር ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ቆጣሪውን ጠዋትና ማታ አንብባችሁ የተፈጨውን ኩንታል መዝግቡ፤ ለ1 ኩንታል ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሄድ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ የየወሩ የመብራት ሂሳብ ስንት ኩንታል እንደተፈጨ በግምት ይነግርዎታል፤ ከደብተሩ ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ወይ ድንጋዩ ዶልዱሟል፣ ወይ ሞተሩ ታሟል፣ ወይ ደብተሩ አልተሞላም። ሦስቱንም በጊዜ ማወቅ ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ሰው በወፍጮ ፈንታ ወተት ይመክርዎት ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን የወተት አገር ናትና። የሚመክርዎት ሰው ስለ ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት። ላሟ አትጾምም፣ ትበላለች፣ ትታለባለች፤ ገዢው ግን ይጾማል። አይብና ቅቤ የሚያወጣ ዕቃና ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ያ ወቅት የዓመቱን ትርፍ ይበላል።

ስለ ጸጥታው መናገር ይገባኛል። አጣዬ በ2013 በእሳት ስትጋይ ሰው ለዕድሜ ልኩ የሠራው ቤትና ሱቅ በቀናት ውስጥ አመድ ሆኗል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን ያለው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ ሰው እያፈናቀለ ብዙ ሥራ አስቁሟል። ይህን እያወቅሁ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ገንዘብዎን አላስልክዎትም። ቤቱን ሲያስመድኑ ተራው የእሳት መድን ጦርነትንና ሁከትን እንደማይሸፍን ይወቁ፤ የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ነው። ዋጋውን ጠይቀው ወጪው ላይ ይደምሩት።

በአሜሪካ በኩል ያለብዎት ግዴታም አለ። የአሜሪካ ዜጋ ዓለም ላይ የትም ያገኘውን ገቢ ያሳውቃል፤ የደብረ ብርሃኑ ኪራይም ከዚያ ውስጥ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ድርብ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የለም፤ ሆኖም እዚህ የከፈሉት የገቢ ግብር እዚያ ከሚከፍሉት ላይ ሊቀነስልዎ ይችላል፤ ስለዚህ የግብር ደረሰኙ በየዓመቱ ይላክልዎ። ውጭ አገር ያለ መኖሪያ ቤት ሲከራይ የእርጅና ቅናሹ፣ ማለትም ቤቱ ስለሚያረጅ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ በየዓመቱ የሚቀነሰው፣ በ30 ዓመት ይሰላል፤ ለዚህም እውነተኛው የግዢ ዋጋ የተጻፈበት ውል ያስፈልግዎታል። በውጭ ባንኮች ያሉዎት ሂሳቦች በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ተደምረው ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ለብቻው የሚሞላ ማሳወቂያ አለ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ገንዘቡን ለቤት ግዢ አምጥተው ለጥቂት ቀን ሂሳብዎ ላይ ሲያሳድሩት ይህን ወሰን እንደሚያልፉ ያስቡ። የግብር ሠራተኛዎን ከመላክዎ በፊት ያማክሩ።

ባለቤትዎ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ፍርሃታቸውንም እንደ ክፋት እንዳያዩባቸው። ገንዘቡ በትዳር ውስጥ የተገኘ የሁለታችሁ ላብ ነው። እሳቸውም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ካርዱን አብራችሁ አውጡና ካርታው በሁለታችሁም ስም ይሁን፤ ውክልናውንም ሁለታችሁ ፈርሙ። ካልሆኑ የእሳቸው መብት በሌላ ሕግ ነው የሚታየው፤ የግዢ ውሉ ከመዘጋጀቱ በፊት በማን ስም እንደሚጻፍ ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወስኑ።